ሁለቱ ባለ ሸራ ላንድሮቨሮች በላስታ አቀበት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



ጣሪያው የሚገፈፍ የእንግሊዝ መኪና ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቶሎ የሚመጣው ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀምጠው፥ ሆዱ ከመሬት የተጠጋው፥ በለሰለሰ አስፋልት ላይ የሚከንፈው የመዝናኛ መኪና ነው። በእንግሊዝ አገር አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ከኤም ጂ ቢ እና ከትራያምፍ ስፒትፋየር የትኛው ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተሠሩ በመሆናቸው ክርክሩ የእኩዮች ክርክር ነው። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ወደ ላስታ ደጋ ሲመጣ መልኩን ይለውጣል። ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን አቀበት ለሚወጣ፥ ከጋሸናም ታጥፎ ወደ ላሊበላ ለሚያቀና መንገደኛ እነዚያ መኪኖች ገና በመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ሆዳቸው የሚፋቅ ጌጦች ናቸው። የላስታ ክፍት የእንግሊዝ መኪና ላንድሮቨር ናት።

እንግዲህ ይህ ንግግር የሚመለከተው ሁለት ባለ ሸራ ላንድሮቨሮችን ነው። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1958 የተሠራችው «ሲሪስ አንድ» ስትሆን፥ ሌላይቱ እ.ኤ.አ. በ1958 የተተካችውና «ሲሪስ ሁለት ኤ» የተባለውን ማሻሻያ ጨምሮ እስከ 1971 የዘለቀችው «ሲሪስ ሁለት» ናት። አንድ ሰብሳቢ ከሁለቱ አንዷን ብቻ መያዝ ቢችል የትኛዋን ይያዝ? የያዛትንስ በምን ዓይነት መንገድ ይጠብቃት?

ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የእነዚህ እርምጃዎች ተገቢነት የዚህ ንግግር ጉዳይ አይደለም፤ ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢና በየጋራዡ ጓሮ ቆማ ብረት ገዢ የምትጠብቅ አንዲት ላንድሮቨር ዛሬ ከተቆራረጠች፥ ነገ ከውጭ መጥታ የምትተካት ሌላ አትኖርም። ስለሆነም ቀድሞ በሰብሳቢ ምርጫ ብቻ ይወሰን የነበረው ነገር አሁን ከመካኒኩና ከመሐንዲሱ እጅ ገብቷል።

የሁለቱ ትውልድ

ኢትዮጵያ ከክፍት የእንግሊዝ መኪና ጋር የተዋወቀችው ቀደም ባለው ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፥ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ በመነሣት በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፍረውባታል። ያች መኪና ለመንገድ የተሠራ ተሽከርካሪ መንገድ በሌለበት አገር ምን ያህል እንደሚፈተን አሳየች። ገና ከመነሻው መንገድ ለሌለበት ስፍራ የታሰበ የእንግሊዝ መኪና ለመምጣት ግን ሌላ አርባ ዓመት ወሰደ።

የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፥ በአንግልሲ ደሴት በነበረው እርሻው ላይ ከጦርነቱ በተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይሠራ ነበር። ጂፑ ሲያረጅ በምን እንደሚተካው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከነበረው ከወንድሙ ከስፔንሰር ዊልክስ ጋር መከረ፤ ከምክሩም ላንድሮቨር ተወለደች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየች። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በመጠን ይታደል ስለነበር አካሏ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሻንሲዋ ግን ዝርግ የብረት ሰሌዳዎችን እየበየዱ በሳጥን ቅርጽ ያቆሙት ነበር። ጣሪያዋ በብረት ቀስቶች ላይ የተወጠረ ሸራ ነው፤ የፊት መስተዋቷ ወደ ኮፈኑ ይተኛል፤ የበሮቿም የላይኛው ክፍል ይነቀላል። ይህ ሁሉ ለውበት ሳይሆን ለቁጠባ የተደረገ ነበር። ሆኖም ቁጠባው ራሱ መልክ ሆነላትና ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚወዱላት ይህንኑ ነው።

ላሊበላ ለብዙ ዘመን በበቅሎ የሚደረስባት ከተማ ነበረች። የወልድያና የወረታ መንገድ በቻይናውያን ርዳታ ከመሠራቱ በፊት፥ ከዋናው የሰሜን መንገድ ተነጥሎ ወደ ላስታ የሚዘልቅ ሰው ዝናብና ጭቃ የሚወስኑበትን ጥርጊያ ነበር የሚከተለው። አስፋልት ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱም በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላን በበጋ ወራት በሣር ሜዳ ላይ ያርፍ፥ እንግዳውም ከሜዳው እስከ ከተማው በላንድሮቨር ይጓዝ ነበር። ከዚህም ሌላ በ1965 እና በ1966፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ ጊዜ የዕርዳታ ሠራተኞችን ካመላለሱት ተሽከርካሪዎች መካከል ላንድሮቨር አንዷ ነበረች። ስለዚህ በላስታ ላንድሮቨር የቱሪስት መኪና ብቻ አልነበረችም። የሐኪም፥ የመሬት ቀያሽ፥ የእህል ተቆጣጣሪና የክፉ ቀን መልእክተኛ መኪና ነበረች።

ከመልካቸው እስከ ወርዳቸው

ሁለቱን በዓይን መለየት አያስቸግርም። ሲሪስ አንድ ጎኗ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ ነው፤ ከበሮቿ በታች ሻንሲዋ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1950 የተሠሩት ደግሞ የፊት መብራቶቻቸው ከራዲያተሩ ወንፊት በስተኋላ የተደበቁ ናቸው። በመጀመሪያ በፊትና በኋላ አክስሎቿ መካከል ያለው ርቀት 80 ኢንች፥ ማለትም ወደ 203 ሳንቲ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ 86፥ ኋላም ወደ 88 ኢንች አደገ። ረጅሟም በመጀመሪያ 107፥ ቀጥሎ 109 ኢንች ሆነች።

ሲሪስ ሁለትን መልክ ያስያዛት ዴቪድ ባች የተባለው የሮቨር ንድፍ አውጪ ነው። ጎኗን ከወገቧ በላይ እንደ በርሜል አጎበጠው፤ ከበሮቿ ሥርም ሻንሲውን የሚሸፍን ቆርቆሮ አኖረ። በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋትም በ1.5 ኢንች ጨመረ። ይህ ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ይሁን እንጂ ዳገቱን ወደ ጎን አቋርጦ በሚሄድ ጠባብ ጥርጊያ ላይ፥ ከላይ ሰውና ከረጢት በሞላባት መኪና፥ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል የሰፋ እግር ለሹፌሩ ልብ የሚሰጠውን ዕረፍት በዚያ የነዳ ያውቀዋል።

መሪውን በሚመለከት አንድ ነገር መታወስ ይገባዋል። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሲሪስ አንድ ተሠርታ ያለቀችው ከዚህ ለውጥ በፊት ሲሆን፥ ሲሪስ ሁለት ግን ለውጡን በመካከል አሳልፋለች። ሁለቱም መሪያቸው በግራም በቀኝም ሆኖ ይሠራ ነበር፤ የመቆጣጠሪያ ሰዓቶቻቸውም በመካከል በመሆናቸው መሪውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዛወር ከባድ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ያየ ሰብሳቢ ጉድለት አገኘሁ ብሎ አይዘን፤ ምናልባት የአገሩን የትራፊክ ታሪክ እያነበበ ሊሆን ይችላል።

ሞተርና ከፍታ

ዋናው ልዩነት ከኮፈኑ ሥር ነው። ሲሪስ አንድ በ1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ጀምራ ኋላ 2.0 ሊትር ሆናለች፤ ጉልበቷ በሁለቱም ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። በእነዚህ ሞተሮች ነዳጅና አየር የሚያስገባው ቫልቭ ከላይ፥ ጢስ የሚያስወጣው ግን ከጎን ስለተቀመጠ የጢስ ቫልቩን ለማስተካከል የመካኒኩ ጣት ጥበብ ይጠይቃል። የሲሪስ ሁለት 2.25 ሊትር ሞተር ግን ቫልቮቹ ሁሉ ከላይ ናቸው፤ ጉልበቱም ከ70 የፈረስ ጉልበት ያላነሰ ነው። እዚህ ላይ ሰብሳቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ የወጡት ጥቂት አጫጭር ሲሪስ ሁለቶች የቀድሞውን 2.0 ሊትር ሞተር ይዘው ነበር። ስለሆነም በሲሪስ ሁለት አካል ውስጥ የሲሪስ አንድ ሞተር መገኘቱ ሁልጊዜ የጋራዥ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ወደ ላስታ ማምጣት ያስፈልጋል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጋሸና ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ ነው። በ2500 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል፤ በጋሸና ደግሞ እስከ ሩብ ይደርሳል። እንግዲህ የሲሪስ አንድ 50 የፈረስ ጉልበት ላሊበላ ሲደርስ ከ40 በታች ይወርዳል፤ የሲሪስ ሁለት 70 ደግሞ ወደ 55 ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሲሪስ ሁለት በላሊበላ ያላት ጉልበት ሲሪስ አንድ በምጽዋ ጠረፍ ላይ ካላት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሁለቱን በእንግሊዝ ሜዳ ላይ ነድቶ ልዩነታቸው ትንሽ ነው የሚል ሰው ይህን ስሌት አላሰበውም።

ከፍታው የሚያመጣው ሌላ ችግር ሙቀት ነው። በ2500 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፥ ሞተሩ በሜዳ ላይ ጤነኛ በሚባልበት የሙቀት መጠን ውኃው በአቀበቱ ላይ ይፈላል። በላስታ መንገድ ዳር ኮፈኗን ከፍታ የቆመች ላንድሮቨር ብዙ ጊዜ የታመመችው ሞተሯ ሳይሆን ያረጀ የክዳን ላስቲኳ ነው። ይህ ለሁለቱም እኩል የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ጉልበቷ አነስተኛ የሆነችው ሲሪስ አንድ በዝቅተኛ ማርሽ ረዥም ሰዓት ስለምትቆይ ቶሎ ትጠማለች።

ቁልቁለቱ

አቀበት የሞተር ፈተና ሲሆን ቁልቁለት የሹፌር ፈተና ነው። ሁለቱም በአራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን ያላቸው ሲሆኑ የሹፌሩን እግር የሚያግዝ መሣሪያ የላቸውም። ካምቢዮአቸውም አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ማመሳሰያ ስለሌለው፥ በቁልቁለት ላይ ወደ ሁለተኛ ለማውረድ የፈለገ ሰው ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥና በመካከሉ የሞተሩን ዙር ከፍ ማድረግ ግድ ይለዋል። ስለዚህ አስተዋይ ሹፌር ማርሹን የሚመርጠው ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሆኖ ነው፤ ከጀመረ በኋላ አይለውጥም። ቀዩ ዘንግ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ሲሳብ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1950 የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሲሪስ አንዶች ልዩ ጠባይ አላቸው። አራቱም ጎማ ዘወትር የሚነዳባቸው ሆነው፥ ወደፊተኛው አክስል በሚሄደው ኃይል ላይ በነፃ የሚለቅ መሣሪያ ነበራቸው። ይህ መሣሪያ እንደ ብስክሌት ኋላ ጎማ ነው፤ ሞተሩ ሲጎትት ይይዛል፥ መኪናዋ ሞተሩን ስትገፋ ግን ይለቃል። በመሆኑም ሹፌሩ ከእግሩ አጠገብ ያለውን ቀለበት ስቦ ካልቆለፈው በቀር በቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዎች የሞተሩን ፍሬንነት አያገኙም። ከእነዚህ አንዷን ለመያዝ የታደለ ሰብሳቢ ቀለሟን ከማሳመር አስቀድሞ ይህ ቀለበት የሚሠራ መሆኑን ይመርምር።

ዝገት፥ አቧራና ፀሐይ

በእንግሊዝ አገር የላንድሮቨር ጠላት ዝገት ነው። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወደ ሻንሲው ሳጥን እየገባ ከውስጥ ይበላዋል፤ አሉሚኒየምና ብረት በሚነካኩበትም ቦታ እርጥበት ካለ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል። በላስታ ጨው የሚበተንበት መንገድ የለም፤ ከዓመቱም ብዙው ደረቅ ነው። ስለዚህ በላስታ የኖረች የሰባ ዓመት ሻንሲ ከእንግሊዝ እኅቷ ይልቅ ከዝገት ነፃ ሆና ብትገኝ አያስደንቅም።

የላስታ ጠላቶች ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያው ድንጋይ ነው፤ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ የዘወትር ንረት ብረቱን ያደክምና ስንጥቅ ያበጅበታል። ሁለተኛው አቧራ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ዘይት በጊዜው ካልተለወጠ ፒስቶንና ሲሊንደሩን ይፈጫል። ሦስተኛው የደጋ ፀሐይ ነው፤ ሸራውን፥ የሽቦውን ልባስና ላስቲኩን ሁሉ ያደርቃል። ስለሆነም ከእንግሊዝ የመጣ መመሪያ ይዞ ዝገት ብቻ የሚፈልግ መርማሪ ስንጥቁን አልፎት ይሄዳል። በዚህ ረገድ ረጅሟ ሲሪስ ሁለት ይበልጥ ትጠረጠራለች፤ ብዙ መጫን ስለምትችል ብዙ ተጭናለች፥ የኋላ አክስሏ ዘንጎችም ከዚህ የተነሣ በመሰበር የታወቁ ናቸው።

መለዋወጫን በተመለከተ ፍርዱ አጭር ነው። የ2.25 ሊትሩ ሞተር ከነማሻሻያው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1985 ሲሠራ ስለቆየ የሲሪስ ሁለት ባለቤት ከሲሪስ ሦስትም መበደር ይችላል። የሲሪስ አንድ ባለቤት ግን ዘመዶቹ ጥቂቶች ናቸው፤ የተሰበረውን ማስቀረጽ ወይም ከውጭ በውድ ማስመጣት ይኖርበታል።

አስቸጋሪው ጥያቄ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ንጹሕ ሲሪስ አንድና ንጹሕ ሲሪስ ሁለት እንዳሉ በማሰብ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እንበልና በአንድ ጋራዥ ጓሮ እንዲህ ያለች ላንድሮቨር ተገኘች፦ ሻንሲዋና አካሏ የሲሪስ አንድ፤ ሞተሯ የሲሪስ ሁለት ኤ፤ ባሌስትራዋ ከጭነት መኪና ተወስዶ ተቆርጦ የተስተካከለ፤ የሸራው ቦታ በቆርቆሮ የተሸፈነ፤ ቀለሟ ሦስት ጊዜ የተደራረበ። ይህችን ምን ማድረግ ይገባል? አንዱ ወገን «ከሶሊሀል ፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደነበረች ትደረግ» ይላል። ሌላው «ማንም አይንካት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ሁለት ተመሳሳይ ካሉ ከሁለቱ አንዲት ደኅና ትሠራ» ይላል።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ትምህርት ከዚያው ከላስታ ይገኛል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገ ጥገና ድንጋዩ ከዝናብ እንዲጠበቅ ሬንጅና ቀለም ተቀብቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ አማካይነት በኢጣሊያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ሥራ ከፈጸማቸው ነገሮች አንዱ ያንን ልባስ ማንሣት ነበር። ልባሱ የተቀባው በቅን ልቦና ነው፤ ግን የድንጋዩን ገጽ ሸፈነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የኋላ ሰው እጅ ያረፈበት ሁሉ ይነሣ የሚል አይደለም። በቅን ልቦና የተደረገም ቢሆን፥ የሚሸፍንን ነገር ከሚደግፍ ነገር ለይቶ ማየት ይገባል የሚል ነው።

አንድ አባል ተነሥቶ መኪና ቤተ ክርስቲያን አይደለችም ቢል ትክክል ነው። ላንድሮቨር በፋብሪካ በብዛት የተሠራች ዕቃ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አምስት መቶ ሺህኛዋ፥ በ1976 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛዋ ወጥታለች። ይሁን እንጂ ክርክሩ ወደሚያስፈልገው ስፍራ የሚደርሰው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። እንደ ፋብሪካው የሆነች ሲሪስ አንድ ማየት የሚፈልግ ሰው በእንግሊዝ አገር ብዙ ያገኛል። አዲስ ሻንሲ፥ አዲስ ሸራ፥ አዲስ የአሉሚኒየም ሰሌዳ እዚያ ይሸጣል። በየትም አገር በገንዘብ የማይገኘው ግን መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን የወሎ መካኒክ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ ያስተካከለው ሥራ ነው። ያ ጥገና የመኪናዋ ጉድለት አይደለም። መኪናዋ በኢትዮጵያ የኖረችበት ታሪክ የተጻፈው በእርሱ ላይ ነው። እርሱን ፍቆ የፋብሪካ መልክ መስጠት በእንግሊዝ የሞላውን አንድ ጨምሮ፥ በኢትዮጵያ ብቻ ያለውን ማጥፋት ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ጠጋኝ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢያነሣ ይበጃል። አንደኛ፥ ለውጡ መኪናዋን ለሥራ ያበቃ ነው ወይስ ጉዳትን የሸፈነ? ሁለተኛ፥ ከሥሩ ገና የሚበላ ወይም የሚሰነጠቅ ነገር አለ ወይ? ሦስተኛ፥ ነባሩን ሳይጎዱ ማንሣት ይቻላል ወይ? በምሳሌዋ ላንድሮቨር ላይ ሲታይ እንዲህ ይሆናል፦ ሞተሩ ለሥራ ያበቃት ስለሆነ ይቆይ፤ የቀድሞው ሞተር ከተገኘ አጠገቧ ይቀመጥ። ቆርቆሮው በብሎን የተያዘ ከሆነ ይፈታ፥ ይቀመጥ፥ ሸራውም ይመለስ። በሻንሲው ላይ የተደራረበው ቀለም ስንጥቅ ሊሸፍን ስለሚችል ይነሣ። ባሌስትራው ጤነኛ ከሆነ ይቆይ። የፍሬን ቧንቧ፥ የመሪ መገጣጠሚያና ጎማ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልባቸው ስለሆኑ ሲያረጁ ይለወጣሉ፤ አሮጌው ይቀመጣል እንጂ አይገጠምም።

ሁለት ላንድሮቨሮችን አርዶ አንዲት መሥራትን በተመለከተ ግን መልሱ አይሆንም ነው። በቀድሞው ዘመን ይህ ሕይወት አድን ነበር፤ ሐኪሙ ነገ ወደ ገጠር መውጣት ነበረበትና። ዛሬ ወደ ገጠር የሚወጣው በሌላ መኪና ነው። ያ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ የቀረው ድርጊት ከሁለት ምስክሮች አንዱን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው።

ፍርዱ

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛዋ ትመረጥ? በአሮጌ መኪና ገበያ ዕድሜ ዋጋ ስለሆነ ብዙ ሰብሳቢ ሳያስብ ሲሪስ አንድን ይላል። ነገር ግን መልሱ ሰውዬው ሊያደርግ ባሰበው ላይ የተመሠረተ ነው። መኪናዋን ሊነዳት፥ ከወልድያ ተነሥቶ ላሊበላ ሊያድርባት፥ ሸራዋን ጠቅልሎ የላስታን ሰማይ ሊያይባት የሚፈልግ ሰው ሲሪስ ሁለትን ይያዝ። ለከፍታው የሚተርፍ ጉልበት፥ የሰፋ እግርና ሊገኝ የሚችል መለዋወጫ አላት። በእርሷ ላይ የሚደረገው የዘወትር ጥገና ነባሩን እስካልደመሰሰ ድረስ የሥራዋ ቀጣይ ነው። ሲሪስ አንድን የሚመርጥ ሰው ግን ጠባቂ እንጂ ነጂ ለመሆን ይዘጋጅ። እርሷ ጥቂት መንቀሳቀስ፥ ብዙ መመርመር፥ ከሁሉም ይልቅ ባለችበት መታወቅ ያስፈልጋታል። ነጂ ሆኖ ሲሪስ አንድን የያዘ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየለወጠ በመጨረሻ ሌላ መኪና ይሠራል፤ ጠባቂ ሆኖ ሲሪስ ሁለትን የያዘ ደግሞ መሥራት የምትችለውን ያለ ምክንያት ያስቀምጣል።

ሁለቱንም የሚመለከት አንድ ሥራ አለ፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። የማኅበሩ አባላት በየሚሠሩበት አካባቢ ያለችውን እያንዳንዷን ላንድሮቨር በመዝገብ ሊያሰፍሩ ይችላሉ፦ በሻንሲዋ ላይ የተቀረጸው ቁጥር፥ የሞተሯ ቁጥር፥ የመሪዋ ጎን፥ በየትኛው መሥሪያ ቤት ምን ሥራ እንደሠራች፥ ማን ምኗን መቼ እንደጠገነ። ከእነዚህ መካከል ቁጥሮቹ በብረት ላይ ስለተቀረጹ ይጠብቃሉ። የቀረው ግን ያለው በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። በላስታ ጥርጊያ ላይ የነዱትና በየመንገዱ ዳር የጠገኑት ሹፌሮችና መካኒኮች ዕድሜአቸው ገፍቷል። ሻንሲው ሰባ ዓመት ቆይቷልና ሌላ ሠላሳ ሊቆይ ይችላል፤ የእነርሱ ቃል ግን ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ምዝገባው ከብየዳው መቅደም አለበት፤ ኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ላንድሮቨር በመጀመሪያ የታሰበችው ለአንድ እርሻ፥ ለጥቂት ዓመታት፥ ብረት እስኪገኝ ድረስ ነበር። ከዚያ ሐሳብ እጅግ ርቃ በላስታ ተራሮች ላይ የቆየችው በፋብሪካዋ ብርታት ብቻ ሳይሆን በጠገኗት እጆች ጭምር ነው። የሚጠብቃት ሰው ሁለቱንም ቢጠብቅ ሥራው ሙሉ ይሆናል።